ፕሮሰሰሩን ያጋለው ፀሐይ አይደለም

በጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ከሆሳዕና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ አረካ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ባጃጅ ቆመች። ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት በጋቢ የተጠቀለለ ጥቁር የኮምፒውተር ሳጥን ይዞ ከኋላ ወንበር ወረደ።

«ሳሮ፣ ጋሼ» ሲል በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠ።

«ሳሮ። ደህና ነህ? ዛሬ ደግሞ ምን ሆነብህ?»

«ይጠፋል። ሬንደር አስጀምሬው ጥቂት እንደሄደ ድርግም ይላል። ሙሽሮቹ ቪዲዮው የታለ እያሉ በየቀኑ ይደውሉብኛል። ፓወር ሰፕላዩ ይሆናል ብዬ ቀየርኩት፤ ያው ነው። የዘንድሮ ፀሐይ ነው የገደለው።»

ባለሙያው ሳቅ አለ። «እስቲ ፀሐይን ከመክሰሳችን በፊት ቁጥሩን እንየው።»

ወጣቱ የሰርግና የበዓል ቪዲዮ እየቀረጸ ያቀናብራል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስና የሰርግ ወር ሲገባ እንቅልፍ የለውም። ኮምፒውተሩን የገጣጠመው ራሱ ነው። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ከአዲስ አበባ ያገለገሉ ተገዝተው በአውቶቡስ የመጡ ናቸው። ኬዙ ከተበላሸ የቢሮ ኮምፒውተር የተወሰደ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱን ከጓደኛው ገዝቶታል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ያቀረበው ኮር አይ 5-4570 ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ እንጀራ ግን ያበላል።

ባለሙያው ሳጥኑን ሳይከፍት ከስክሪን ጋር አገናኝቶ አስነሣውና ኮር ቴምፕ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ። ምንም ሥራ ሳይሰጠው ቁጥሩ 62 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል። ሬንደሩ፣ ማለትም የተቀናበረውን ቪዲዮ አስልቶ የማውጣቱ ሥራ፣ ሲጀመር 80 አለፈ፤ ደቂቃ ሳይሞላ 95፣ ወዲያው 100 ገባ። ጎን ለጎን ሌላ ቁጥር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከ3 ጊጋ ኸርዝ በላይ የነበረው ፍጥነት ወደ 2፣ ከዚያም ከ2 በታች። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ።

«አየህ? አልተበላሸም» አለ ባለሙያው። «ራሱን እያዳነ ነው።»

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተር ከሶኬት የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፕሮሰሰር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች በሰከንድ በቢሊዮን ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ጥቂት ኃይል ይባክናል። ሥራ ላይ ያልሆኑትም ቢሆኑ ጥቂት ጥቂት ያሾልካሉ። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ቮልቴጁ ሲጨምር ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው።

አይ 5-4570 በሙሉ ሥራ ላይ 84 ዋት ያህል እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። 84 ዋት ሲባል ብዙ አይመስልም፤ ጉዳዩ ያለው ስፋቱ ላይ ነው። በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ቢበላና ወርዱ 58 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል 1.3 ዋት ገደማ ነው። የዚህ ፕሮሰሰር ሲሊከን ግን 177 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፤ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ከ47 ዋት በላይ ይሆናል። በስፋቱ ልክ ሲታሰብ ቺፑ እንጀራ ከሚያበስለው ምጣድ ከ30 እጥፍ በላይ ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው። ልዩነቱ ምጣዱ እንዲግል ይፈለጋል፤ ቺፑ ደግሞ ሙቀቱ በተፈጠረበት ቅጽበት ሊወሰድለት ይገባል።

የሚወሰድበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ነው። ከሲሊከኑ ወደ ላይኛው የብረት ክዳን፣ ከክዳኑ በላዩ ወደተቀመጠው ባለ ክንፍ ብረት፣ ወደ ሂት ሲንኩ፣ ከሂት ሲንኩ ክንፎች ወደ አየሩ፣ በመጨረሻም ከኬዙ ወደ ውጭ። ከነዚህ አንዱ ቢደፈን ሌሎቹ ምን ቢያምሩ ዋጋ የላቸውም። የተሻለ ፋን ገዝቶ «ምንም አልቀነሰልኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ደረጃ ነው የጠገነው።

ክዳኑ ሲከፈት

ባለሙያው ሳጥኑን ከቤት ውጭ አውጥቶ በረንዳው ላይ የጎኑን ክዳን ፈታ። ፋኑ ላይ፣ ከሥሩም በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል፣ ጡብ የመሰለ ቀይ አቧራ ተጋግሯል። በክንፎቹ መሐል ብርሃን አያሳልፍም። ጣቱን አስገብቶ ሲያነሣው እንደ ቁራጭ ጨርቅ ተያይዞ ወጣ።

አረካ የቀይ አፈር አገር ናት። በከተማዋ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ዝርያዎች ስብስቡና ጥናቱ የሚታወቀው፣ ገበሬውም እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ጎደሬውንና ዝንጅብሉን ጎን ለጎን የሚያበቅለው በዚህ አፈር ላይ ነው። ለሰብል የተባረከ አፈር በበጋ ደርቆ ሲላም ደግሞ ለኮምፒውተር ጠላት ይሆናል። መኪናና ባጃጅ ያነሡት ደቃቅ ብናኝ በር ላይ አይቆምም። ክረምት ሲገባ አየሩ ይረጥባል፤ የተጠራቀመው ብናኝ እርጥበት ጠጥቶ ክንፎቹ ላይ ይጋገራል፤ በቀጣዩ በጋ ሌላ ንብርብር ይጨመርበታል። ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይከፈት የቆየ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ችግር ሂት ሲንኩ ሲነቃነቅ ታየ። ኢንቴል ከፕሮሰሰሩ ጋር ይሰጥ የነበረው ክብ ማቀዝቀዣ በማዘርቦርዱ ላይ የሚያዘው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። እግሮቹ በስተመጨረሻ «ቀጭ» ብለው ካልገቡ የገቡ መስለው ይቀመጣሉ። አንደኛው ተነቅሎ ነበር። በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ የተጓዘ ዕቃ ስለሆነ አያስገርምም። አንድ እግር ሲነቀል ሂት ሲንኩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በብረቱና በብረቱ መካከል በዓይን የማይታይ ክፍተት ይፈጠራል።

ያ ክፍተት ነው ትልቁ ጉዳይ። መዳብ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ በዋት በሜትር-ኬልቪን ሲለካ 400 ገደማ ሲሆን፣ አሉሚኒየም ከ200 በላይ ነው። አየር ግን 0.026 ብቻ ነው፤ ከመዳብ ከ10,000 ጊዜ በላይ ያንሳል። ሁለት ልሙጥ የሚመስሉ ብረቶች ሲነካኩ እንኳ በመሐላቸው በጣም ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ ውስጣቸውም አየር ነው። ጠጋኞች «ፔስት» የሚሉት ቅባት የሚቀባው እነዚያን ጉድጓዶች ለመሙላት ነው። ጥሩ የሚባለው ፔስት በዚያው መለኪያ ከ4 እስከ 12 ያህል ነው፤ ከአየር እጅግ ይበልጣል፣ ከመዳብ ግን እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ብዙ መቀባት አይጠቅምም። የምስር ፍሬ የሚያህል ጠብታ መሐል ላይ አድርጎ ሂት ሲንኩ ራሱ እንዲጫነው መተው ይበቃል።

ከዚህ ኮምፒውተር ላይ የወጣው ፔስት ደርቆ ሲነካ ይፈረፈራል። ባለሙያው ጠጋ ብሎ አሸተተውና ወደ ወጣቱ ዞረ።

«ይሄ ፔስት አይደለም።»

«የጥርስ ሳሙና ነው፣ ጋሼ። ያን ቀን ፔስት አጣሁ፤ በቪዲዮ ላይ አይቼ ነው።»

የጥርስ ሳሙና በመጀመሪያው ቀን ይሠራል፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። እርጥበቱ እስካለ ድረስ ጉድጓዶቹን ይሞላል፤ ቁጥሩም ቆንጆ ይሆናል። ቀናት ሲያልፉ ውሃው ተንኖ ዱቄት ይቀራል፤ በዱቄቱ መሐል አየር ይመለሳል። የገጣጠመው ሰው ለክቶ፣ ረክቶ፣ ረስቶት ከሄደ በኋላ ነው ችግሩ የሚጀምረው።

ያለ ማቀዝቀዣ የኖሩ ዘመናት

ፕሮሰሰር ሁሌም እንዲህ አልነበረም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ውስጥ የነበረው ኢንቴል 8088 በ4.77 ሜጋ ኸርዝ ሲሠራ ሂት ሲንክም ፋንም አልነበረውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 486 እና ፔንቲየም ሲመጡ በላያቸው ላይ ብረትና ፋን መቀመጥ ጀመረ።

የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ1974 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው ሒሳብ ለሠላሳ ዓመት ያህል ኢንዱስትሪውን ሲመራ ቆይቷል። ትራንዚስተሩ ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ከቀነሰ፣ በአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት አይጨምርም የሚል ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ቮልቴጁ ከደረሰበት በታች አልወርድ አለ። ኢንቴል በ2004 ያወጣው ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 በሙቀቱ ስሙ ጠፋ። ሊከተለው የነበረው ቴጃስ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተሰረዘ። ዛሬ ባለ አራት፣ ባለ ስምንት ኮር የምንለው ነገር የመጣው አንዱን ኮር ማፍጠን ሙቀት ሆኖ ስላስቸገረ ነው።

ራስን የማዳን ዘዴውም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ እየሠሩ ካሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ሂት ሲንኩን እያነሣ የቀረጸው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። የኤኤምዲ አትሎን ጭሶ ተቃጠለ፤ ፔንቲየም 4 ግን ፍጥነቱን ቀንሶ መሥራቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ፕሮሰሰሮች ሁሉ ለማለት ይቻላል በውስጣቸው የሙቀት መለኪያ አላቸው። የተወሰነላቸው ጣሪያ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ኤሌክትሪኩን ራሳቸው ያስቆርጣሉ። የአረካው ወጣት ያየው ይህንኑ ነው። እንደዚያ ዘመን አትሎን ያለ ቢሆን ኖሮ ሰርጉን የሚያቀናብርበት ፕሮሰሰር አይኖረውም ነበር።

የደጋው አየር ምን ያደርጋል?

ወጣቱ ፀሐይን ሲከስ ያላሰበው ሌላ ነገር አለ፦ ከፍታ። አረካ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሶዶ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ዝቅ ይላል። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 ገደማ ላይ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ግፊቱ በሩብ ያንሳል።

ፋን የሚገፋው አየርን በመጠኑ እንጂ በክብደቱ አይደለም። በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚሽከረከር ፋን ጅቡቲም አረካም አንድ ዓይነት መጠን አየር ይገፋል፤ በአረካው ውስጥ ግን ሙቀት የሚሸከመው የአየር ክብደት አምስተኛው ይጎድላል። ስለዚህ በቺፑና በክፍሉ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት በደጋ ከፍ ይላል፤ እንደ ማቀዝቀዣው ዓይነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢጨምር አያስገርምም። የሰርቨር ክፍሎችን መመዘኛ የሚያወጣው አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ይህን በደንብ ያውቀዋል። ለተለመዱት የሰርቨር ደረጃዎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የተፈቀደው የክፍል ሙቀት ጣሪያ በአንድ ዲግሪ እንዲቀንስ ያዛል። ለአረካ ሦስት ዲግሪ መሆኑ ነው።

ታዲያ ደጋው ይጎዳናል? በስሌት እንየው። አንድ ማቀዝቀዣ ባሕር ዳር ላይ ቺፑን ከክፍሉ በ40 ዲግሪ ብልጫ ያቆየዋል እንበል። ጅቡቲ ውስጥ ክፍሉ 35 ዲግሪ ቢሆን ቺፑ 75 ይሆናል። አረካ ውስጥ ልዩነቱ ወደ 46 ቢያድግም ክፍሉ 24 ዲግሪ ከሆነ ቺፑ 70 ላይ ይቆማል። ደጋው በስስ አየሩ የሚወስደውን በቅዝቃዜው ይመልሳል፤ ትርፍም ይሰጣል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ያለ ኮርኒስ፣ እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ 30 ዲግሪ ቢያልፍ እንኳ የሚጨመረው ስድስት ወይም ሰባት ዲግሪ ነው። የወጣቱ ፕሮሰሰር ግን ከሚገባው በላይ ያለፈው በስድስትና በሰባት አይደለም። ፀሐይ ነጻ ናት።

ከዚህ የሚወሰድ አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ሰዎች «የኔ 78 ነው፣ ያንተስ?» እያሉ ሲያወዳድሩ ይሰማል። ብቻውን የቆመ ቁጥር አያወዳድርም። የክፍሉን ሙቀት በተራ ቴርሞ ሜትር ለክቶ ከቺፑ ቁጥር መቀነስ ይገባል። በኅዳር በማለዳና በመጋቢት በእኩለ ቀን የሚገኙት ልዩነቶች ተቀራራቢ ከሆኑ ማቀዝቀዣው ጤናማ ነው። ልዩነቱ ከወር ወር እያደገ ከሄደ አቧራ ወይም የደረቀ ፔስት አለ።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ የሚያማርረው ሌላው ነገር መብራት ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነበር። ግድቡ ቅርብ መሆኑ ግን በየሰፈሩ ያለውን መስመር አያረጋጋም። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አንዳንዴም ፈዝዞ ይቆያል።

በዚህ ዙሪያ የተለመደ ስጋት አለ፦ «መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋኑ ስለሚቆም ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል።» ፕሮጀክተር ላይ እውነት ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላም አምፖሉ ለደቂቃዎች የጋለ ስለሚቆይ ፋኑ መዞር አለበት። ፕሮሰሰር ግን ኤሌክትሪኩ በተቋረጠበት ቅጽበት ሙቀት ማመንጨቱን ያቆማል፤ የቀረውን ሂት ሲንኩ ይውጠዋል። በመብራት መቋረጥ የሚጎዱት ያልተቀመጠ ሥራና ሃርድ ዲስክ ናቸው፤ መብራቱ ሲመለስ በሚመጣው ግፊት ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ።

ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀት አይወዱም። የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች የተለመደ መመሪያ እንደሚለው፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አቧራ የሞላው ሳጥን ፕሮሰሰሩን ባይገድለው እንኳ ፓወር ሰፕላዩን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ከስታብላይዘር ቀጥሎ ለፓወር ሰፕላይ የሚደረግለት ትልቁ ውለታ ንጹሕ አየር ነው።

የቢሮ ዕቃና የቤት ግጥም

በአገራችን በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚታየው ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ነው፤ በውጭ አገር ቢሮ አገልግሎ የመጣም አለ። እነዚህ ሳጥኖች ትንሽ ቢመስሉም የአየር መንገዳቸው የተጠና ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ከፊት የሚገባው አየር በፕላስቲክ መሸፈኛ ተመርቶ በሂት ሲንኩ መሐል ያልፋል። ያን ፕላስቲክ «ቦታ ይዘጋል» ብሎ አውጥቶ የሚጥል ሰው አለ፤ የጎን ክዳኑን ከፍቶ የክፍል ፋን የሚያዞርበትም አለ። ክዳኑ ሲከፈት ቁጥሩ ለጊዜው ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን አየሩ በታሰበለት መንገድ ስለማይሄድ ሌሎቹ ክፍሎች ድርሻቸውን ያጣሉ፤ አቧራውም ከሁሉም አቅጣጫ ይገባል።

ራስ የገጣጠሙት ኮምፒውተር ደግሞ ነጻነት ይሰጣል፤ ያንን ያህልም ኃላፊነት ያመጣል። የአየሩን መንገድ የሚያስበው ገጣጣሚው ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛው ከፊትና ከታች ይግባ፣ የሞቀው ከኋላና ከላይ ይውጣ። አቧራ ባለበት አገር ደግሞ የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ትንሽ ቢበልጡ ይመረጣል። ያኔ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ከፍ ስለሚል፣ አቧራ በየስንጥቁ ከመሳብ ይልቅ በፊተኛው ፋን ብቻ ይመጣል፤ እዚያ ላይ የሚታጠብ ስስ መረብ ማሰር ይቻላል። መረቡም ካልታጠበ መልሶ መታፈኛ ይሆናል።

አዲስ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ራይዘን 7000ን ሲያወጣ በከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ መድረስ በንድፉ የታሰበ መሆኑን ተናግሯል። ቺፑ ሙቀት እስካልገደበው ድረስ ፍጥነት ይጨምራል፤ ስለዚህ 95 ማየት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። የኢንቴል ኮር አይ 9-14900ኬ ደግሞ እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ያንንም ገደብ ሳያስከብሩ ይመጡ ነበር። የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች እየተንገዳገዱ ባስቸገሩ ጊዜ ኢንቴል በ2024 ምክንያቱ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ መሆኑን ገልጾ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) በኩል የሚጫን ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። እነዚህን የሚጠቀም ሰው ባዮሱን ሳያድስ ማቀዝቀዣ ቢቀያይር ድካሙ ከንቱ ነው።

እንደ አረካ ላለ ቦታ ከውድ የውሃ ማቀዝቀዣ የሚሻለው ባዮስ ውስጥ ገብቶ የኃይሉን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ነው። ኤኤምዲ ኢኮ ሞድ ይለዋል፤ ኢንቴል ላይም የኃይል ገደብ መጻፊያ አለ። ፕሮሰሰሮች የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት እጅግ ብዙ ዋት ስለሚያቃጥሉ፣ ዋቱ በደንብ ሲቀነስ የሥራው ጊዜ የሚረዝመው በትንሹ ነው። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤሱም ዕረፍት ያገኛል።

ቁጥሩን ራሱን መጠራጠርም ያስፈልጋል። ራይዘን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ እንደ 1800ኤክስ ያሉት ዓይነቶች ከእውነተኛው 20 ዲግሪ የበለጠ ቁጥር ያሳዩ ነበር፤ ፋኖች ከሌሎቹ ዓይነቶች ጋር በአንድ ደንብ እንዲዞሩ ታስቦ ነው። ስንቱ ሰው ያልታመመ ፕሮሰሰር ሲያክም ከረመ!

እጥበቱና ውጤቱ

ባለሙያው ፋኑን ከሂት ሲንኩ ለይቶ ፈታ። ብረቱን ብቻውን በሳሙናና በውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ የተከሰሰችው ፀሐይ እዚህ ላይ ሠራተኛ ሆነች። የቀረውን በቀለም ብሩሽ እያላላ በብሎወር አራገፈ፤ ብሎወሩ ሲነፋ የፋኑን ክንፍ በጣቱ ይዞ ነው። ፋን በነፋስ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል፤ ራሱም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ቦርዱ ሊመልስ ይችላል። የደረቀውን የጥርስ ሳሙና ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠረገ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ። አንዲት ጠብታ ፔስት አኑሮ አራቱን እግሮች በሰያፍ፣ አንዱን ከአንዱ ትይዩ፣ «ቀጭ» እስኪሉ ጫናቸው። ከማዘርቦርዱ ጀርባ ገልብጦም አራቱም መውጣታቸውን በዓይኑ አረጋገጠ።

ያው ሬንደር እንደገና ተጀመረ። ቁጥሩ ወደ 60ዎቹ ወጣ፤ 70ን ጥቂት አለፍ ብሎ እዚያው ቆመ። ፍጥነቱ ከ3 ጊጋ ኸርዝ በላይ እንዳለ ነው።

«ስንት ልክፈል፣ ጋሼ?»

«የፔስቱንና የድካሜን። ፓወር ሰፕላዩን ግን በከንቱ ነው የቀየርከው። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ለካ።»

ይህ ምክር ዛሬ ከትናንት ይልቅ ዋጋ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ንሯል። ፕሮሰሰርም፣ ማዘርቦርድም፣ ያገለገለውም ጭምር። በእጅ ያለውን ዕቃ ሦስትና አራት ዓመት ጨምሮ ማሠራት ለአንድ ስቱዲዮ ወይም ጽሕፈት ቤት የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ሆኗል።

በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በየኮሌጁ ቤተ ሙከራ «ተበላሽቷል» ተብለው ጥግ የተከመሩ ሳጥኖች አሉ። ሁሉም አይድኑም። ነገር ግን «ራሱን ያጠፋል» ወይም «በጣም ቀርፋፋ ሆኗል» ተብለው የተጣሉት ከመወገዳቸው በፊት ሊከፈቱ ይገባል። የሚያስፈልገው ብሩሽ፣ ብሎወር፣ አልኮልና አንድ ቱቦ ፔስት ነው፤ አንዱ ቱቦ ለብዙ ኮምፒውተር ይበቃል። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሃርድዌር የሚማሩ ተማሪዎች ይህን ሥራ እንደ ልምምድ ቢይዙት እነርሱም ተቋማቱም ይጠቀማሉ።

ለአንባቢም ቀጠሮው ቀላል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምትና አቧራው ሲበረታ በየካቲት፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ይጽዳ። ከመሬት አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት፤ በእንጨት ሳጥን ውስጥ አይቆልፉት። ከጽዳት በኋላ በሥራ ላይ ያለውን የቺፑን ሙቀትና የክፍሉን ሙቀት ጽፈው ኬዙ ላይ ይለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ካለ ገንዘብ ይዘው ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት መጀመሪያ ክዳኑን ይክፈቱ።